ፊት ወንበር ያስቀመጠችን ሴት

የቲቸር አስናቀችን ሞት የሰማሁት ጾሬ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያችን በር ላይ የአንድ ሕፃን ክንድ እየለካሁ ሳለ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶዋ ተለጠፈ። ከፎቶው ሥር ሻማ፣ ከሻማው ሥር የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። «እናታችን አረፈች» ይላል ጽሑፉ። ሕፃኑን ለክቼ ጨረስኩ፣ ካርዱ ላይ መዘገብኩ፣ ለእናቱ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ነገርኳት። ከዚያ ስልኬን እንደገና አውጥቼ አየሁት። «እናታችን» የሚለው ቃል አናደደኝ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። የወለደችኝ እናቴ መንጌ ውስጥ በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ቲቸር አስናቀች ግን እናቴ ልታደርግልኝ የማትችለውን ብዙ ነገር አድርጋልኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲከዳ ነው የሚያመው፤ ጠላትማ ምኑን ይከዳል? በሕይወት ሳለች አንቱ እላት ነበር። ዛሬ እሷ እያልኩ የምጽፈው ከቅርበት ይሁን ከንዴት እኔም አላውቅም።

አሶሳ ጤና ኮሌጅ ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦ መንደሮች የመጣን ሴቶች ስድስት ነበርን። የመጀመሪያው ቀን ስድስታችንም ሳንነጋገር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተገኘን። ከመሀል አገር የመጡት፣ እኛ «ቀዮቹ» የምንላቸው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። ማንም እዚያ ሂዱ ያለን የለም፤ እግራችን ራሱ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ቲቸር አስናቀች ስትገባ ንግግሯን ከኮሪደሩ ጀምራው ነው የገባችው። አጭር ናት። ትከሻዋ ላይ የራሷን ግማሽ የሚያህል ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥላለች፤ ውስጡ ጠመኔ፣ መርፌና ክር፣ የራስ ምታት ክኒንና ሁልጊዜ አንድ ብርቱካን አይጠፋውም። ስለ አጥንት እያወራች ሰሌዳው ጋ ደረሰች፣ ዞራ አየችን፣ ዝም አለች።

«ከኋላ ያላችሁ ሴቶች፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ተነሱ።»

የተባረርን መሰለን። ከጎኔ የነበረችው ሙሉነሽ ደብተሯን አቅፋ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ወዴት ነው? ወደዚህ!» አለች ቲቸር፣ የፊተኛውን ወንበር በመዳፏ እየመታች። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የእናንተ ነው።»

ከቦታው የተነሳው ልጅ «እና እኛስ ቲቸር?» አላት።

«አንተ ረጅም ነህ፤ ከኋላም ይታይሃል።»

ከአሥር ዓመት በላይ አሶሳ ኖራለች። የጎጃም ሰው ናት፤ ለሁለት ዓመት ተመድባ መጥታ ነው የቀረችው። ኮሌጁ ሲከፈት የሴት ተማሪዎች ክበብን «ማንም አልፈልግ ሲል ወሰድኩት» ትል ነበር። ቢሮ የሚባለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ጥግ ነው። እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ ታዳምጠናለች። የወር አበባ ጨርቅ ያጣችም፣ ዶርም ውስጥ ያቺ እዚህ የማልጽፋት የድሮ ስድብ የተሰደበችም፣ ወንድ አስተማሪ «ለብቻሽ ነይ» ያላትም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቲቸር ጨርሳ ከሰማች በኋላ ደረቷን በቡጢ ሦስት ጊዜ ትመታና «እኔ ጋ የመጣ እኔ ጋ ይቀራል» ትላለች። በዚያ ቡጢ የማትምል ሴት ተማሪ አልነበረችም።

አንድ ቀን ሆስፒታል ለተግባር ትምህርት ወጥተን፣ የሚያስተምረን ወጣት ነርስ ስለ ደም ማነስ ያስረዳል። ቆዳ ይነጣል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁሞ «ለምሳሌ ሐዋ ላይ ምንም አይታይም» ብሎ ሳቀ። አብረውት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ቲቸር ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር ለካ። «አይታይም አትበል፤ እኔ ማየት አልቻልኩም በል» አለችው። መጥታ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አሳየች፤ ከንፈሬን ገልብጣ አሳየች፤ መዳፌን ዘረጋች። «ጥቁር በሽተኛ ስትመጣላችሁ እዚህ፣ እዚህና እዚህ ነው የምታዩት። አገሩ ሙሉ ጥቁር ሆኖ ጥቁር ሰው መመርመር የማይችል ነርስ ምን ያደርግልናል?» ከዚያ ድንገት ዓይኔን ደግማ ገለጠችና ፊቷ ተለወጠ። «ሐውዬ፣ አንቺ ራስሽ ደም የለሽም እኮ!»

እውነቷን ነበር። ለሁለት ወር የብረት ክኒን እየሰጠችኝ፣ በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ አስቁማ የዓይኔን ቆብ እየገለጠች፣ ምስርና ቆስጣ በሳህን እያመጣች አሻለችኝ። ዛሬ ጾሬ ውስጥ ከሱዳን የሚመጡ እናቶችን ስመረምር የምጠቀመው ያንኑ ነው። ይሄን ልክድ አልችልም።

ፀጉሯን ሙሉነሽ ሠርታላት የመጣችበትንም ቀን ልክድ አልችልም። ቅዳሜ ዶርማችን ግቢ ስንሠራራ መጣችና «እኔንስ?» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሙሉነሽ እየሠራች ታማርራለች፦ «ቲቸር፣ ይሄ ፀጉር ሳሙና ነው፣ ያመልጣል።» ሰኞ ግማሹ ተፈቶ፣ ግማሹ እንደ እኛ ተጎንጉኖ ስብሰባ ገባች። ዲኑ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «አምሮብኛል ወይስ አላማረብኝም? እሱን ብቻ መልስልኝ» አለችው። ወሬው ለአንድ ሳምንት አሳቀን።

አንድ ድክመት ነበራት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ታመልክ ነበር። የቤት አከራይ ያስቸገራት ተማሪ ካለች፣ ደብዳቤ። ባጃጅ ነጂ የሰደባት ካለች፣ ለማኅበሩ ደብዳቤ። እንስቅባት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራላት ነበር፤ አሶሳ የቢሮ ከተማ ናት።

አሁን ወደ ሙሉነሽ ልምጣ። አልጋችን ተደራራቢ ነበር፤ እኔ ላይ፣ እሷ ታች። ጉሙዝ ናት፤ ከቡለን ወጣ ካለ ቀበሌ። እኔ የበርታዎችን ቋንቋ ሩጣና፣ እሷ ጉሙዝኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ ነው፤ እሱም ለሁለታችንም የትምህርት ቤት ነው። ሙሉነሽ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ»፣ «አንተ» ነበር የምትለው። ቀዮቹ በዚህ ሲስቁባት እሷ አብራቸው ትስቅና በፈተና ትበልጣቸዋለች።

ልንመረቅ ሦስት ወር ሲቀረን ከቤቷ ስልክ ተደወለላት። አውርታ ስትጨርስ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ወንድሜ አገባ» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። «አሁን እኔ መሄድ አለበት» አለች።

በእነሱ ዘንድ ወንድም ሚስት ሲያገባ፣ እህቱን ለሚስቱ ቤተሰብ ይሰጣል። ሙሉነሽ ስትነግረኝ አላፈረችም፣ አልተኩራራችም። «ሰው በሰው ነው። አንድ ቤት ሴት ሲያጣ ሌላ ሴት ይገባል፤ ማንም አይጎድልበትም» አለች። እህት እምቢ ካለች ግን ሚስቲቱ ትመለሳለች፤ በሁለቱ ጎሳ መካከል ደምም ሊፈስ ይችላል። የወንድሟ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። «እኔ መጨረስ ብቻ ነው የፈለገ» አለችኝ ሙሉነሽ። «ሦስት ወር። ከዚያ ያስባል።»

ይዣት ቲቸር ጋ ሄድኩ። ቲቸር ሰማች፤ ተነሳች፤ ደረቷን መታች። «ከእኔ ቤት ማን ያወጣሻል?» ሙሉነሽን የዚያኑ ቀን በባጃጅ ቤቷ ወሰደቻት። ክፍል ስትመጣም አብረው ይመጡ፣ አብረው ይመለሱ ነበር።

ወንድምየው ሁለት ቀን ተጉዞ ብቻውን መጣ። ቲቸር በር ላይ «እዚህ የለችም» አለችው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀጭን ልጅ ነው፤ ከግቢዋ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። አውሬ ጠብቄ ነበር፤ አሳዘነኝ። በማግስቱ ሄደ።

ቲቸር አሸነፍን ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። እና ደብዳቤ ጻፈች። «ተማሪ ሙሉነሽ በኮሌጁ ጥበቃ ሥር ሆና ትምህርቷን እየተከታተለች ስለሆነ ምንም ዓይነት ጫና እንዳይደረግባት» የሚል፣ ለወረዳው፣ ግልባጭ ለቀበሌው። ሙሉነሽ ለመነቻት። «ቲቸር፣ ወረቀት አይሄድ። እኛ ጋ ሰው ነው የሚሄደው። ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ጎሳ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ እሱ ነው የሚናገር።»

«ልጄ፣ ሕግ ያለበት አገር ነው» አለቻት ቲቸር፣ ማኅተሙ ላይ እፍ እያለች።

በኋላ የተረዳነው ወንድምየው ለካ የት እንዳለች እያወቀ ሲዋሽላት ነበር። አገሩ ተመልሶ ለአማቾቹ «እህቴ ጠፍታለች፣ እየፈለግኩ ነው» ብሏቸው፣ እነሱም አምነውት እየጠበቁ ነበር። እንዲህ እያለ እስክትመረቅ ሊያደርሳት ነበር ሐሳቡ። ደብዳቤው ቀበሌ ላይ ሲነበብ በሰው ፊት ውሸታም ሆነ። የነገሩ መክፋት ከዚያ ጀመረ።

የመውጫ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የወረዳ መኪና ግቢያችን ገባ። ወንድምየው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የጸጥታ ኃላፊ ወርደው ዲኑ ቢሮ ገቡ። ቲቸር ተጠራች። ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ምን እንዳሏት በጆሮዬ አልሰማሁም።

ስትወጣ እኔ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ። መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጅጌዋ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፈች «ሐውዬ፣ ቤት ሂጂና ሙሉነሽን ጥሪያት» አለችኝ። «ዲኑ ቢሮ የፈተና ቅጽ አለ፣ ትፈርም።»

መኪናውን አላየሁም ነበር። ብቻ ቲቸር ዓይኔን አለማየቷ ትንሽ ገረመኝ፤ ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። በባጃጅ ሄድኩ። ሙሉነሽ ልብስ እያጠበች አገኘኋት።

«ቲቸር ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሷ ናት የላከችኝ።»

እጇን ታጠበች፣ ፊቷን ታጠበች፣ እስክሪብቶ ፈልጋ ያዘች። ግቢ ስንገባ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። የዲኑን ቢሮ በር የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አልጮኸችም። ወንድሟን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ከዚያ ቲቸርን አየቻት። ቲቸር ጠረጴዛውን ታያለች። ጠረጴዛው ላይ የማቋረጫ ቅጽ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ ማኅተሙ ተመትቶበታል፤ ከማኅተሙ ጎን የቲቸር ፊርማ አለ። ያኔ ሙሉነሽ ወደ እኔ ዞረች። እጇ ገና በእጄ ውስጥ ነው። ቀስ ብላ አወጣችው። በመኪናው ይዘዋት ሲሄዱ ወንድምየው መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

በማግስቱ ግምጃ ቤቱ ጥግ ሄጄ አፈጠጥኩባት። «ሐውዬ፣ ሁለት ቤተሰብ ሊጫረስ ነው አሉኝ» አለች። «ደሙ በአንቺ ራስ ላይ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ? የእናንተ ባህል ነው። እኔ ሰው አገር ነኝ፤ ልጅ አለኝ።»

«ሰው አገር ከሆኑ ለምን ማሉልን?» አልኳት።

ያንን ሁሉ ጊዜ «እኛ» ስትለን ኖራ፣ ሰዎቹ ሲመጡ «እናንተ» ሆንን። መፍራቷን እረዳለሁ፤ እኔም ብሆን እፈራ ይሆናል። ሙሉነሽን ጠርታ «ልጄ፣ ፈርቻለሁ፣ አልቻልኩም» ብትላት ኖሮ ሙሉነሽ ራሷ ገብታ ሽማግሌዎቹን በቋንቋቸው ታናግራቸው ነበር። ፈተናው እስኪያልፍ ሦስት ሳምንት እንዲሰጧት ትለምናቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ማንም አልለመነላትም። ቲቸር ግን ዋሸች፤ ውሸቷንም በእኔ እግር አስኬደችው። ይሄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የምርቃት ቀን ስማችን በማይክ አንድ በአንድ ሲጠራ፣ ከእኔ ስም ቀጥሎ መጠራት የነበረበት አልተጠራም። ከመድረክ ስወርድ ቲቸር አቅፋ አለቀሰች፤ እንደ እንጨት ቆሜ ጠበቅኳት። ከሳምንት በኋላ ሳልጠይቃት የድጋፍ ደብዳቤ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ ላከችልኝ። ቀድጄ ጣልኩት ብል ደስ ባለኝ። አልቀደድኩትም። ጾሬ የተቀጠርኩት በእሱ ነው።

ዜና ዕረፍቷን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ሙሉነሽ ጋ ደወልኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ስልኳን ያገኘሁት ቡለን ከሚሠራ አንድ የክፍል ጓደኛችን ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ወረቀት ባይኖራትም በአካባቢዋ ምጥ የያዛት ሁሉ እሷን ነው የምትጠራው። ስልኳ የሚሠራው ቡለን ገበያ ስትወጣ ብቻ ነው።

ነገርኳት። አለቀሰች። እኔ ያላለቀስኩትን እሷ አለቀሰችላት። «ደግ ነበር» አለችኝ።

«ሸጠችሽ እኮ!» አልኳት።

«ፈርቶ ነው።» የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። «ሐዋ፣ አንተ ግን ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም ነበር! ወላሂ፣ ሙሉነሽ።»

«እሺ» አለች። አምናኝ ይሁን ደክሟት አላውቅም። ኮሌጁ የመታሰቢያ ፕሮግራም እንዳዘጋጀ፣ ከድሮ ተማሪዎች እኔ እንድናገር እንደጠየቁኝ ነገርኳት። አንድ ነገር ለመነችኝ።

«ስሜን በማይክ ጥራ። ሙሉነሽ ተሰማ በል። ሌላ ነገር አትናገር፣ ቲቸርን አትስደብ። እንደ ምርቃት፣ ስም ብቻ።»

«እጠራሻለሁ» አልኳት። ማልኩላት።

ለማንም አልነገርኩም እንጂ ከዚያ በላይ አስቤ ነበር። ስሟን ጠርቼ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንዳልተመረቀች፣ ፊርማው የማን እንደነበር ልናገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም ይበሉኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ያው ዲን፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ «የጥቁር ልጆች እናት» አላት። የቲቸር ልጅ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። በግድግዳው በኩል የዘንድሮ ሴት ተማሪዎች፣ የእኛው መልክ ያላቸው፣ ፎቶዋ የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ቆመዋል። አንዷ፣ ከሸርቆሌ የመጣች ልጅ፣ በር ላይ ስገባ ይዛኝ በሩጣና «እሷ ባትኖር አቋርጬ ነበር» ብላኝ ነበር። አሁን ቲሸርቷን ወደ ላይ ስባ እንባዋን ትጠርጋለች።

ማይኩን ያዝኩ። ስለ ወንበሩ ተናገርኩ፤ ሳቁ። ስለ ዓይኔ ቆብ ተናገርኩ፤ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ሙሉነሽ ስም ደረስኩ። ስሙ አፌ ላይ ነበር። የሸርቆሌዋ ልጅ ታየኛለች። ሙሉነሽ ማን ናት ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው? የቲቸር ልጅ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለችልኝ። ሁለት ቃል ነው፤ ሙሉነሽ ተሰማ። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም።

«ነፍሷን ይማርልን» አልኩና ማይኩን መለስኩ።

ሌላ ተናጋሪ ሲወጣ ከአዳራሹ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ስልኬ ጠራ። የቡለን የገበያ ቀን ነበር።

«ጠራህ?» አለችኝ።

«ጠራሁሽ።»

«ሙሉውን? ከነአባቴ?»

«ከነአባትሽ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። «አጨበጨቡ?»

ውስጥ ሰው ንግግሩን ጨርሶ ጭብጨባው ተነስቷል። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ወደ አዳራሹ በር ዘረጋሁላት።